ለሠርግ የተቀዳ እጅ

በእኛ ከተማ ደም ግፊት ያለበት ሰው በሽታውን እንደ ማዕረግ ነው የሚያወራው። ስኳር ያለበትም እንደዚያው፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ «የኔ እንኳ ሰሞኑን ብሶበታል» እያለ ከጎኑ ካለው ጋር ይፎካከራል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን ወዮለት። እጁን ጋቢ ውስጥ ከትቶ፣ በጠራራ ፀሐይ «ብርዱ አይጣል ነው» እያለ ይቀመጣል። ጎንደሬ ሲባል እንዲህ ነን፤ የምንታመመውንም በሽታ እንደ ክብራችን መርጠን ነው።

የአጎቴን እጅ ያየሁት ባለፈው ሚያዝያ፣ ፋሲካ ባለፈ ሰሞን ነው። «አዘዞ ድረስ ናልኝ፤ ለብቻህ» ብለው በስልክ ጠሩኝ። መጠራቴ አላስደነቀኝም። እኔ ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሙዚቃ አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ለሠርግና ለምርቃት የሚሆን ሙዚቃ በኮምፒውተር አቀናብራለሁ። በቤተሰቡ ውስጥ ኮምፒውተር የሚነካ ሌላ ሰው ስለሌለ፣ ቴሌቪዥን ሲጠፋ እኔ ነኝ፣ ስልክ ሲቆለፍ እኔ ነኝ፣ ማቀዝቀዣ ሲያጉረመርም እንኳ የምጠራው እኔ ነኝ። «ለብቻህ» የሚለው ነው ያሳሰበኝ። በእኛ ቤተሰብ ለብቻ የሚደረግ ነገር የለም፤ ሰው ጥርሱን የሚያስነቅለው እንኳ ታጅቦ ነው።

ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር፤ ኋላም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሙዚቃ አስተምረዋል። እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጣቴ በሳተ ቁጥር በማስመሪያ ይመቱኝ ስለነበር ዛሬም ፊታቸው ስጫወት መዳፌን ያልበኛል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ባሕር ዳር ባንክ ቤት ትሠራለች። ክርስትና የተነሣች ለት አንድ ዜማ አውጥተውላት ነበር። ስታለቅስ እሱን፣ ስትስቅ እሱን፣ ክፍል ስታልፍ እሱን እየተጫወቱላት አሳደጓት። «የሠርግሽ ለት እኔው ራሴ ቁጭ ብዬ እጫወትልሻለሁ» ብለዋታል። ይህን ቃል የማያውቅ ሰው አዘዞ ውስጥ አይገኝም፤ ሚስታቸው እትዬ ለሁሉም አዳርሰዋል። ሠርጉ ደግሞ ግንቦት ላይ ተቆርጧል።

ሳሎን ገብቼ እንደተቀመጥኩ ጋሼ ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አወጡና ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ተመልከት» አሉኝ። እጁ ይንቀጠቀጣል። አውራ ጣትና ሌባ ጣት የማይታይ እሸት ያሻሉ። ያን ሁሉ ዓመት በማስመሪያ ይመታኝ የነበረው እጅ እሱ ነው። 

«ሐኪሙ ምን አለ?» አልኳቸው።

«ይብሳል እንጂ አይመለስም አለ።»

«ልጅቷስ ታውቃለች?»

«እሷማ ታውቃለች። እነሱ ናቸው የማያውቁት።»

እነሱ ማለት የሙሽራው ቤተሰቦች ናቸው፤ ትክል ድንጋይ የሚኖሩ ገበሬዎች። ልጃቸው ጠዳ ላይ መምህር ነው። ይህን ስናወራ እትዬ ከጓዳ ብቅ አሉና የጋሼን እጅ መልሰው በጋቢ ሸፈኑት፤ ከኔ ከባላቸው ወንድም ልጅ መደበቃቸው መሆኑ ነው። «'በዘራቸው አለ' ቢሉስ? ልጄን ቢመልሱብኝስ?» አሉ። «ድሮም ትዕቢተኞች ናቸው። ለሽምግልና ከመጡበት ቀን ወዲህ ሰላም የሚሉን ከሩቅ እጅ ነሥተው ነው፤ መጨበጥ ተጸይፈው።»

ጋሼ የጠሩኝ ለዚህ ነበር። እጃቸው ጨርሶ ሳይከዳቸው ዜማውን ሳሎናቸው ካለው የኤሌክትሪክ ፒያኖ ወደ ኮምፒውተር እንድቀዳላቸው ይፈልጋሉ። ሚዲ የሚሉት ቀረጻ ድምፅ አይቀዳም። የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ መቼ ተነካ፣ ምን ያህል በኃይል፣ መቼ ተለቀቀ፤ ኮምፒውተሩ የሚይዘው ይህን ብቻ ነው። የያዘውን መልሶ ለፒያኖው ሲልክለት ፒያኖው ሰው ሳይነካው ራሱ ይጫወታል። ጣት ስቶ የነካውንም አንድ በአንድ ለቅሞ መጣል ይቻላል። የጋሼ ዕቅድ እንግዲህ እንዲህ ነው፦ የሠርጉ ለት ፒያኖው ከኮምፒውተሩ እየተቀበለ ይጫወታል፣ እኔ ቁልፎቹ ሲነኩ ድምፅ እንዳይሰጡ እዘጋለሁ፣ እሳቸው ላዩ ላይ እጃቸውን እያንቀሳቀሱ ይቀመጣሉ። «ፒያኖ ላይ ሲሆን የሚንቀጠቀጥ እጅ ያምራል፤ ሰው የተጫወትኩ ይመስለዋል» አሉኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል? አንድ ቤተሰብ ሙሉ ሠርግ ድረስ ለመዋሸት ቆርጦ ሲነሣ፣ የቀረው ሥራ የቴክኒክ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ገመድ ያስፈልጋል። ከፒያኖው ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው ተራ የፕሪንተር ገመድ ነው። ፒያሳ ወዳለ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁና የፕሪንተር ገመድ ጠየቅኩ። ባለሱቁ ከስልኩ ቀና ሳይል «ለየትኛው ፕሪንተር?» አለኝ። እኔ ሞኙ እውነቱን ተናገርኩ፤ ለፒያኖ ነው አልኩት።

«የፒያኖ ገመድ የለንም።»

«የፕሪንተሩ ይሆናል። አንድ ዓይነት ነው።»

«ፕሪንተር አለህ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ፕሪንተር ሳይኖርህ የፕሪንተር ገመድ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። ገመዱ ከጀርባው ተንጠልጥሎ ይታየኛል። በጣቴ አሳየሁት። «እሱ የፕሪንተር ነው» አለኝ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብሎ። ወጣሁ፤ ማዶ ካለው ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶ ጠጣሁና ንዴቴ ሲበርድ ተመለስኩ። «ፕሪንተር ገዝቼ ነበር፤ ገመዱ ጎደለኝ» አልኩት። «እንዲህ አትለኝም?» ብሎ ከነፈገግታው አውርዶ ሰጠኝ። በዚህ ከተማ እውነት የተናገረ ሰው ባዶ እጁን እንደሚወጣ ያን ቀን በደንብ ገባኝ። እትዬ ይህን ከኔ ቀድመው ያወቁ ሴት ናቸው።

ገመዱን ይዤ አዘዞ ስደርስ ሌላ ጣጣ ጠበቀኝ። ፒያኖውን ለጋሼ የገዛችላቸው ልጃቸው ናት። እትዬ ግን የተቀበሉት እንደ ሙሽራ ነው። ሲገዛ የመጣበት ፕላስቲክ አልተገፈፈም፤ ጋሼ ይህን ሁሉ ጊዜ የተጫወቱት ቁልፎቹ ፕላስቲክ እንደለበሱ ነው። ከፕላስቲኩ በላይ እትዬ በእጃቸው የሠሩት ነጭ ዳንቴል አለ። ከዳንቴሉ በላይ የልጅቷ የምርቃት ፎቶና የፕላስቲክ አበባ ተደርድሯል። ከኋላ በኩል ያሉትን ቀዳዳዎች ደግሞ፣ አቧራ እንዳይገባባቸው፣ ዳንቴሉን ዙሪያውን ጠብቆ እንዲይዝ አድርገው ሰፍተውባቸዋል። ገመዱ የሚሰካው እዚያ ነው።

መቀስ ስጡኝ አልኳቸው።

«ዳንቴሌን ልትቀደው?»

«ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው።»

«ትንሽ ቀዳዳ ብሎ ነገር የለም። ተተርትሮ ነው የሚያልቀው» አሉና መርፌና ክር ይዘው መጡ። ከፒያኖው ጀርባ ተንበርክከው፣ ገመዱ የሚያልፍበትን ቦታ ለክተው፣ ልክ እንደ ሸሚዝ የቁልፍ ቀዳዳ ዙሪያውን ዘመዘሙት። እኔና ጋሼ ዝም ብለን ቁጭ አልን። እውነት ለመናገር ሲያልቅ ያምር ነበር። በዓለም ላይ የተዘመዘመ ቀዳዳ ያለው ፒያኖ ያ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ገመዱን ሰካሁ፣ ፕሮግራሙን ከፈትኩ፤ ኮምፒውተሩ ፒያኖውን ወዲያው አወቀው። ደስ አለኝና «ይሞክሩት ጋሼ» ብዬ ወደ እትዬ ዞርኩ። እትዬ ይህ ሁሉ መብራት እንዳይቆጥር እየጠየቁኝ ነበር። ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያው ድምፅ ሁለተኛ ተከተለ። ሌላ ቁልፍ፣ እሱም ሁለቴ። ዞር ስል ጋሼ እጃቸውን ከፒያኖው አንሥተው ብብታቸው ውስጥ ከተዋል።

«አየህልኝ?» አሉ። «አንዴ ልነካው እፈልጋለሁ፤ እሱ ሁለቴ ይነካዋል። በቃ፣ አልቆልኛል።»

የሳቸው እጅ አልነበረም። ፒያኖው አንዴ በራሱ ይጮኻል፤ ከዚያ ወሬው ወደ ኮምፒውተር ይደርስና ኮምፒውተሩ ጥቂት ዘግይቶ በራሱ ድምፅ ይደግመዋል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የኮምፒውተሩን ድምፅ ሳልዘጋ ነው ይሞክሩት ያልኳቸው። ይህን እየማልኩ ብነግራቸው አላመኑኝም። የታመመ ሰው ደግ ወሬ ሁሉ ማባበያ ይመስለዋል። በመጨረሻ «ና አንተ ንካው» አሉኝ። ነካሁት። ሁለቴ ጮኸ። ደግሜ ነካሁት። አሁንም ሁለቴ።

«ያንተም እንደኔው ነው እንዴ?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ የዚያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። የኮምፒውተሩን ድምፅ ዘጋሁት፤ እሳቸውም እጃቸውን ከብብታቸው አወጡ።

ከዚያ ነው ዋናው ፈተና የመጣው። ማሽን አይደለም፤ ሰው ነው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ጾም የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ሁሉም ቤት ይገባል። የጋሼ ቤት ደግሞ አጥሩ ከመንገድ ዳር ነው። ሰው ሲገባ «ኖር» ብሎ መነሣት፣ የገባው «በእግዜር» ብሎ እስኪቀመጥ መቆም፤ ይህ በእኛ ዘንድ ልጅ ከጡት ጋር የሚጠባው ነገር ነው። ጋሼ ግን ልክ የላቸውም። ሌላው ሰው ለታላቁ ይነሣል፤ እሳቸው ለገባ ሁሉ ነው የሚነሡት። የንስሐ አባታቸው ሲገቡ ተነሡ፤ ደግ። አንዲት ጎረቤት የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ ብቅ ስትል ተነሡ። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ጎረምሳ «ቆጣሪው የት ነው?» ብሎ አንገቱን ሲያስገባም ብድግ አሉለት። ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላው ተመለከተ፤ ከጀርባው ቄስ የመጣ መስሎት ነው።

ጎረቤቷማ ቀረጻ መሆኑን ስትሰማ ሳሏን አፍና ዓይኗ እስኪቀላ ድረስ ቆየች። ድምፅ አይቀዳም፣ እንደፈለግሽ ሳይ፣ ጣት የነካውን ብቻ ነው የሚይዘው ብላት በጥርጣሬ አየችኝ። ቤቷ ሄዳ ስትስል ከዚያ ማዶ ሰማናት።

ሰው መግባቱ መጀመሪያ ላይ አላስጨነቀኝም። ስክሪኑ ላይ ጋሼ የነኩት እያንዳንዱ ቁልፍ እንደ ትንሽ ዱላ ተጋድሞ ይታያል። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ የነካካው ደግሞ ከዱላው ጎን እንደ ፍርፋሪ ተበትኗል። ፍርፋሪውን ማራገፍ ቀላል ነው። «ኖር»ና «በእግዜር» የተባባሉበት ጊዜ ባዶ ሜዳ ሆኖ ነው የሚታየው፤ እሱንም ቆርጦ ግራና ቀኙን መግጠም የኔ ሥራ ነው። ችግሩ ከባዶው ሜዳ ቀጥሎ ምንም አለመኖሩ ነበር። ጋሼ እንግዳቸውን አስቀምጠው ወደ ፒያኖው ይመለሳሉ፣ እጃቸውን ከቁልፎቹ በላይ ይይዛሉ፣ እጁ ግን አይወርድም። እሳቸው ውረድ ብለው ያዙታል፤ እሱ አይሰማም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሲጀምር ደግሞ ከመጀመሪያው ካልሆነ እምቢ ይላል። «ከመካከል ጀምሩልኝ፣ እኔ እገጥመዋለሁ» ብዬ ለምኜ ነበር፤ ሞከሩ፤ አልሆነም። እናም ገና ማሳረጊያው ጋ ሳይደርሱ ሌላ ሰው ይገባል።

የዜማው ውበት ያለው ማሳረጊያው ላይ ነው። ወደ ላይ ወደ ላይ ይሄድና፣ ይወድቃል ስትል፣ ባላሰብከው በኩል ዞሮ ቤቱ ይገባል። ልጅ ሆኜ ስሰማው ሁልጊዜ እስቅ ነበር። ዕለት ዕለት ከትምህርት ቤት መልስ አዘዞ እየተመላለስኩ የያዝኩት መግቢያውንና መካከሉን ብቻ ነው። ሠርጉ እየቀረበ መጣ።

አንድ ቀን ንዴቴ ገነፈለ። «ጋሼ፣ ለውሃ ቆጣሪ አንባቢ መነሣት ምንድን ነው? ቁጭ ብለው አይጨርሱም?»

«ሰው ነው እኮ የገባው» አሉኝ። በቃ፤ ይህን ብቻ።

«እንግዲያውስ በሩን እንቆልፈው» አልኩ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን ያዙ። በቀን አጥር መቆለፍ? ሰው ምን ይላል? ተጣልተዋል፣ ወይ ሞተዋል፣ ወይ በግ አርደው ለብቻቸው እየበሉ ነው። ከሦስቱ የቱ እንደሚከፋ ሳስበው ሦስተኛው ነው። በሩ ሳይቆለፍ ቀረ።

እንዲህ እያልን አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የጋሼ እጅ ቀና አለ። ጠዋት ከመኝታቸው ሲነሡ ጀምሮ ተመችቷቸዋል። ቁጭ አሉ፣ ጀመሩ፤ እጁም እሺ አለ። መግቢያውን ጨረሱ። መካከሉን ጨረሱ። እኔ ስክሪኑ ላይ ዱላዎቹ እየተደረደሩ ሲሄዱ አያለሁ። እትዬ በመስኮት ውጭውን ይጠብቃሉ። ድንገት ፊታቸው ተለወጠ።

«ወይኔ ጉዴ» አሉ በሹክሹክታ። «የልጁ አባት ናቸው።»

የሙሽራው አባት ለቅዳሜ ገበያ ወደ ከተማ ወርደው፣ ሳይነግሩ፣ ማር ይዘው አማቾቻቸውን ሊጠይቁ ጎራ ማለታቸው ነው። ረጅም ሰው ናቸው፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው ገቡ። እኔና እትዬ «ኖሩ» እያልን ብድግ አልን። ጋሼ አልተነሡም።

አላዩም እንዳልል አይተዋል። ፒያኖው ከግድግዳ ጋር ስለሆነ ጀርባቸው ለበሩ ነው፤ ግን አንገታቸውን አዙረው ሰውየውን ዓይን ለዓይን አይተዋቸዋል። ከዚያ መልሰው ወደ ቁልፎቹ ዞሩ፤ ቀጠሉ። ለቆጣሪ አንባቢ ብድግ ያሉ ሰው ለልጃቸው አማት አልተነሡም። እትዬ ወንበር እየሳቡ ይለምናሉ፤ ሰውየው ግን «በእግዜር» አላሉም፣ አልተቀመጡም። ለሳቸው መነሣት የሚገባው ሰው አልተነሣማ። ማራቸውን እንደያዙ ደጃፉ ላይ ቆሙ። እኔ ደግሞ መሬት ብትከፈትልኝ በገባሁ እያልኩ፣ ዓይኔን ከስክሪኑ መንቀል አቅቶኛል። ማሳረጊያው ላይ ደርሰዋል። ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ይወድቃል ስል ዞሮ ቤቱ ገባ። የመጨረሻው ቁልፍ ተለቀቀ። 

«ምነው አያ» አሉ የሙሽራው አባት። «ሳላውቅ ተጣላን እንዴ?»

እትዬ አፋቸው ቀደመ። «ጉልበታቸውን ነው፤ ብርድ መቷቸው ከትናንት ጀምሮ መነሣት…»

«ጉልበቴ ደኅና ነው» አሉ ጋሼ። ከወንበራቸው ብድግ አሉ፣ «ኖር» አሉ፣ ያንን እጃቸውንም ወደ ፊት ዘርግተው አሳዩ። እየተንቀጠቀጠ ነው። «እጄ ነው የታመመ። አንዴ ካቆምኩ አይጀምርልኝም፤ ለዚህ ነው ያልተነሣሁ። የሚሻለኝም አይደለም ብለውኛል። ሐሳብዎን የሚቀይሩ ከሆነ ዛሬ ይንገሩኝ። ልጄን ድንኳን ውስጥ አታስነውሩብኝ።»

 የሙሽራው አባት የጋሼን እጅ አዩት። ከዚያ «በእግዜር» ብለው ቁጭ አሉ።

«እናውቃለን እኮ» አሉ።

«ምኑን?»

«ለሽምግልና የመጣን ለት ጠላ ሲያቀብሉን ብርጭቆው እጅዎ ላይ እስክስታ ይመታ ነበር። ግማሹን የጠጣው የኔ ሱሪ ነው። ከደጅ እንደወጣን ተነጋገርን፤ 'የሰውየው እጅ ታሟል፣ ልጂቱ ሸጋ ናት' ተባባልን። ሌላ የተነጋገርነው የለም።»

እትዬ ወደ ሰውየው ጠጋ አሉ። «ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?»

«እናንተ ስትደብቁት እኛ እንዴት እንወቀው? ነውር አይሆንም?» አሉ፣ ከልባቸው ተገርመው። «እንዲያውም እጅዎን እንዳናሳቅቅ ብለን ከሩቅ ነው ሰላም የምንል። መንገድ ላይ አይተነዎት የዞርንበት ቀንም አለ።»

ትዕቢተኞች የተባሉት በዚህ ነው። ሽምግልናው ካለቀበት ቀን ጀምሮ አንዱ ቤት እጅ ይደብቃል፣ ሌላው ቤት ማየቱን ይደብቃል፤ ሁለቱም በጨዋነት ይደክማሉ። እኔም መሐላቸው ገብቼ ገመድ ፍለጋ በፕሪንተር ዋሽቼ፣ ዳንቴል አስዘምዝሜ፣ ፍርፋሪ ስለቅም ከርሜያለሁ። ሳቄ መጣ። እትዬም እያለቀሱ ይስቁ ጀመር። የሙሽራው አባትም የተቀዳላቸውን ጠላ ይዘው ሳቁ።

ጋሼ ግን አልሳቁም። ተመልሰው ተቀመጡና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ፤ ጋቢውንም አልሳቡበትም። «ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ከማን ነው የተደበቅኩት?» አሉ።  ሳቃችንም እዚያው ቆመ።

የሠርጉ ለት ፒያኖውን ከነዳንቴሉ ድንኳኑ ውስጥ አቆምነው። ጋሼ እንዲያርፉ ብዬ ኮምፒውተሩን አዘጋጅቻለሁ። ዜማው ጸድቶ፣ ከመግቢያው እስከ ማሳረጊያው ሙሉ ሆኖ እዚያ ውስጥ አለ። ጋሼ ሱፋቸውን ለብሰው መጡ፣ በእጃቸው ከኋላ በኩል ዳብሰው ገመዱን ነቀሉት። «ታውቋል እኮ፤ አሁን ደግሞ ማንን ላታልል ነው?» አሉኝና ተቀመጡ።

ተጫወቱ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ዜማው ግን ዜማው ነበር።  ሙሽራዋ ከመድረኩ ላይ ዓይኗን ከአባቷ አልነቀለችም። መግቢያው አለፈ፣ መካከሉ አለፈ። ማሳረጊያው ሊጀምር ሲል ከትክል ድንጋይ የመጡ አንድ አዛውንት ልባቸው ተነክቶ ተነሡ፣ ጠጋ አሉና የጋሼ ግንባር ላይ ብር ለጠፉ። ሰው አክብሮህ ሲሸልምህ ተቀምጠህ አትቀበልም። ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፣ እጅ ነሡ። ከዚያ ተቀመጡ። እጃቸውን ከቁልፎቹ በላይ ያዙት።

እጁ አልወረደም።

ሰው ያለቀ መሰለው። እልልታው ቀለጠ፣ ጭብጨባው ድንኳኑን አናወጠው፤ ያ ሸላሚ አዛውንት ከሁሉም በላይ ያጨበጭባሉ። እኔ ገመዱን አንሥቼ ወደ ፒያኖው ጎንበስ አልኩ፤ ቀሪው አለኝ፣ አንድ መሰካት ብቻ ነው። ጋሼ አዩኝና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ተወው» አሉኝ። «አጨብጭበዋል።»

ሙሽራዋ ግን አላጨበጨበችም። ዜማውን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ የቀረውን ትጠብቅ ነበር። ጋሼ ወደ እሷ አላዩም።